ደባል ጭስ፦ ያላጨሰች እናት፣ ያልተጠየቀ አባትና የአራስ ሕፃን ጠባይ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ)



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ከታሪክ መምህር አንደበት ሲወጣ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ራሷ ሳታጨስ ከሌላ ሰው የምትስበው የትምባሆ ጭስ በምትወልደው ሕፃን ጠባይ ላይ ስለሚያሳድረው ተጽዕኖ መናገር የሐኪም ድርሻ ነው የሚል ቢኖር አልቃወመውም። እኔ የሐኪሙን ወንበር ለመቀማት አልመጣሁም፤ ይዤ የመጣሁት የታሪክ ጥያቄ ነው። ይህ ዕውቀት እንዴት ተገኘ? ማስረጃው በመዝገብ ላይ ሰፍሮ ሳለ በአግባቡ ለማንበብ ለምን ብዙ ዓመት ፈጀ? በዚያ መዘግየት ውስጥስ ማን ተወቀሰ፣ ማንስ ሳይጠየቅ ቀረ?

ክርክሬን አስቀድሜ ላስቀምጥ። የአባት ጭስ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በጥናት መዝገቦች ውስጥ ነበር። ይሁን እንጂ ለሃያ ዓመታት ያህል ተመራማሪዎች እንደ መንስኤ ሳይሆን እንደ ማነጻጸሪያ ብቻ ተመለከቱት፤ አንዳንዴም እናትየዋ የምታጨሰው ሲጋራ ራሱ ጉዳት እንደማያደርስ ለማሳየት ጠቀሱት። ይህ የአመለካከት ጠባብነት ዛሬም በምንጠይቃቸው ጥያቄዎች ውስጥ ስላለ ታሪኩን ማወቅ ይጠቅመናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ቃሉም ጥቂት ልበል። በአማርኛ ራሱ ሳያጨስ የሌላውን ጭስ የሚስበውን ሰው «ደባል አጫሽ» እንለዋለን። ደባል ማለት በአንድ ቤት አብሮ የሚኖር ነው። ቃሉ ተስማሚ ነው፤ ምክንያቱም የነገሩ መነሻ አብሮ መኖር ነው። ነፍሰ ጡሯ ከአጫሹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ትኖራለች፤ ፅንሱ ደግሞ በእርሷ ውስጥ ይኖራል። እርሷ ምናልባት ከክፍሉ ልትወጣ ትችላለች፤ ፅንሱ ግን የሚወጣበት በር የለውም።

የእንግዴ ልጅ እንደ ግንብ

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ በነበሩ ሐኪሞች ዘንድ የእንግዴ ልጅ ፅንሱን ከውጭው ዓለም የሚጋርድ ግንብ ነው የሚል እምነት በሰፊው ነበር። እናት የበላችው ምግብ ተጣርቶ ይደርሰዋል፤ መርዝ ግን አያልፍም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ይህን እምነት ያናጉት ሦስት ክስተቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ብዙም አልተወራለትም። በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ በሚገኘው የፌልስ ተቋም ሶንታግና ዋላስ የተባሉ ተመራማሪዎች ነፍሰ ጡር ሴቶች ሲጋራ ሲያጨሱ የፅንሱን የልብ ምት አዳመጡ። ምቱ ይለወጥ ነበር። ዛሬ ስናነበው ቀላል የሚመስለው ይህ ሙከራ አንድ ትልቅ ነገር ተናግሯል፦ እናት የሳበችው ነገር ወደ ፅንሱ ይደርሳል። ሁለተኛው በ1941 አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ በእርግዝና ወቅት ኩፍኝ መሰሉን የሩቤላ በሽታ የያዛቸው እናቶች የዓይን ሞራ ያለባቸውን ሕፃናት እንደሚወልዱ ማስተዋሉ ነው። ሦስተኛው የ1961ዱ የታሊዶማይድ ጥፋት ነው። ለማቅለሽለሽና ለእንቅልፍ የታዘዘ መድኃኒት በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናትን እጅና እግራቸው ሳይሟላ እንዲወለዱ አደረገ። ከዚያ በኋላ የእንግዴ ልጅ ግንብ ነው ብሎ የሚከራከር አልተገኘም።

ሆኖም የታሊዶማይድ ትምህርት ራሱ አንድ ዕውርነት ትቶ አለፈ። «ጉዳት» የሚለው ቃል ለዓይን ከሚታይ የአካል ጉድለት ጋር ተቆራኘ። ጣቶቹ ተቆጥረው ከተሟሉ ሕፃኑ ደኅና ነው ተባለ። በ1963 ወርቦፍና ጎትሊብ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን ሐሳብ በመቃወም ለአንድ አዲስ የጥናት ዘርፍ ስም አወጡለት፤ በእርግዝና ጊዜ የደረሰ ነገር ከውልደት በኋላ በጠባይ ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ የሚመረምር ዘርፍ ነው። መነሻ ሐሳቡ ይህ ነበር፦ አካሉ የተሟላ ሕፃን ጉዳቱን በአለቃቀሱ፣ በአተኛኘቱ፣ በትኩረቱና በመባባሉ ሊገልጥ ይችላል። የምንነጋገርበት ርእስ የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው ማለት እንችላለን።

ሳን በርናርዲኖና በርክሊ

በትምባሆ ረገድ የመጀመሪያው ሰፊ ማስረጃ የመጣው በ1957 ነው። በካሊፎርኒያ ሳን በርናርዲኖ አውራጃ ዊኒያ ሲምፕሰን የተባለች ተመራማሪ ከሰባት ሺህ በላይ የወላዶችን መዝገብ መርምራ ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት በአጫሽ እናቶች ዘንድ ከማያጨሱት እጥፍ ያህል መሆናቸውን አሳየች። በቀን የሚጨሰው ሲጋራ ሲበዛም ቁጥሩ ይጨምር ነበር። በ1964 የአሜሪካ የጤና ዋና ሹም ሉተር ቴሪ ያወጣው ዝነኛ ሪፖርት በዋናነት ስለ ሳንባ ካንሰር ቢሆንም፣ አጫሽ እናቶች ክብደታቸው አነስ ያለ ሕፃናት እንደሚወልዱ አንሥቷል። ይህ በሕፃኑ ዕጣ ላይ ምን እንደሚያስከትል ግን አልወሰነም።

በዚህ ቦታ ላይ በታሪካችን ውስጥ ትልቅ ስፍራ ያለው ሰው ይመጣል። ያዕቆብ የሩሻልሚ በበርክሊ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ሊቅ ነበር። ከ1959 ጀምሮ በኦክላንድ አካባቢ በሺህ የሚቆጠሩ እርግዝናዎችን የሚከታተል ትልቅ ጥናት መራ። ጥናቱ የእናትን ብቻ ሳይሆን የአባትንም የማጨስ ልማድ መዝግቦ ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህ የተለመደ አልነበረም።

የሩሻልሚ ሁለት የሚያስገርሙ ነገሮች አገኘ። አንደኛ፣ ክብደታቸው ዝቅተኛ ሆኖ ከተወለዱት ሕፃናት መካከል የአጫሽ እናቶች ልጆች ካላጫሾቹ ልጆች ይልቅ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው የተሻለ ነበር። ሁለተኛ፣ የአባትም ማጨስ ከሕፃኑ ዝቅተኛ ክብደት ጋር ተዛምዶ አሳየ። ከእነዚህ ተነሥቶ የደረሰበትን ሐሳብ በአጭሩ እንዲህ ማስቀመጥ ይቻላል፦ ልዩነቱን የሚያመጣው ሲጋራው ሳይሆን የሚያጨሰው ሰው ዓይነት ሊሆን ይችላል። በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ ከተዛምዶ ወደ መንስኤ መዝለል አደገኛ እንደሆነ አስጠነቀቀ።

ይህን ጽሑፍ በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ሳስነብብ ሁልጊዜ ለሁለት ይከፈላሉ። ከፊሎቹ ሰውየውን የትምባሆ ነጋዴዎች ጠበቃ ያደርጉታል፤ ከፊሎቹ ደግሞ ለጥንቃቄው ያደንቁታል። እኔ ተማሪዎቼን የምጋብዘው ስለ አባትየው የተጻፈውን እንዲያስተውሉ ነው። የአባት ሲጋራ ወደ ፅንሱ የሚደርስበት መንገድ የለም ተብሎ አስቀድሞ ስለተወሰደ፣ የአባት ማጨስ ያሳየው ተዛምዶ የእናትንም ተዛምዶ አጠራጣሪ አደረገው። መንገዱ ግን ነበር፤ እርሱም የቤቱ አየር ነው። ያንን አየር የሚለካ ሰው ስላልነበረ አንድ ራሱን የቻለ ግኝት ሊሆን የሚችል ነገር የሌላ ግኝት ማጣጣያ ሆኖ ቀረ።

ለፍትሕ ሲባል ሌላውንም ወገን ማንሣት አለብኝ። አጫሽ አጫሽን የማግባት ልማድ ስላለ፣ የአባት ማጨስ ያሳየው ተዛምዶ ከፊሉ የእናት ማጨስ ጥላ ነው። በዚያው በ1960ዎቹ አጋማሽ የሃርቫርዱ ብራያን ማክማሆንና ባልደረቦቹ የሁለቱንም ወላጆች ልማድ ለይተው መርምረው ዋናው ክብደት ያለው በእናት ማጨስ ላይ መሆኑን አሳይተዋል። የእነርሱ መደምደሚያ በመሠረቱ ትክክል ነበር፤ እናትየዋ ራሷ ስታጨስ የሚደርሰው መጠን ከሌላው ጭስ እጅግ ይበልጣልና። ነገር ግን ትንሽ የሆነ ነገርና የሌለ ነገር አንድ አይደሉም። ለሃያ ዓመታት ያህል ትንሹ እንደሌለ ተቆጠረ።

«ትንንሽ ሕፃናት»

በብሪታንያ ሌላ መንገድ ተያዘ። በመጋቢት 1958 በአንድ ሳምንት ውስጥ በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ የተወለዱ 17,000 ያህል ሕፃናት ተመዘገቡ፤ ከዚያም እያደጉ ሲሄዱ ክትትል ተደረገላቸው። ሕፃናት ሐኪሙ ኔቪል በትለርና የስታቲስቲክስ ሊቁ ሃርቪ ጎልድስታይን በ1973 ባወጡት ጽሑፍ በእርግዝና ጊዜ በቀን 10 ወይም ከዚያ በላይ ሲጋራ ያጨሱ እናቶች ልጆች በ11 ዓመታቸው ከሌሎቹ በአማካይ 1 ሴንቲ ሜትር እንደሚያጥሩ፣ በንባብ፣ በሒሳብና በአጠቃላይ ችሎታ ደግሞ ከ3 እስከ 5 ወር ወደ ኋላ እንደሚቀሩ አስታወቁ። ጉዳዩ ከሚዛን ላይ ወርዶ ወደ ትምህርት ቤት ገባ።

የትምባሆ ነጋዴዎች መልስ የዘመኑን መንፈስ ያሳያል። በጥር 1971 የፊሊፕ ሞሪስ ኩባንያ ኃላፊ ጆሴፍ ከልማን በአሜሪካ ቴሌቪዥን ቀርቦ የአጫሾች ልጆች ትንንሽ ቢሆኑም ጤነኞች እንደሆኑ፣ አንዳንድ ሴቶችም ትንሽ ሕፃን መውለድን እንደሚመርጡ ተናገረ። በዚህ አነጋገር ውስጥ ሕፃኑ ክብደት እንጂ ጠባይ የለውም፤ እናቲቱ መራጭ ናት፤ አባት ከነጭራሹ የለም። ከዚያ በኋላ የመጣው የጤና ዘመቻም ቢሆን በተቃራኒ ወገን ቆሞ ያንኑ ሥዕል ደገመው። በ1984 የወጣው የአሜሪካ ሕግ በሲጋራ ፓኮዎች ላይ እየተፈራረቁ እንዲታተሙ ካዘዛቸው አራት ማስጠንቀቂያዎች አንዱ ነፍሰ ጡር ሴቶች ሲያጨሱ በፅንሱ ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት ነበር። ከነፍሰ ጡር አጠገብ ስለሚያጨሰው ሰው የሚናገር ግን ከአራቱ አንድም አልነበረም።

የጭሱ መንገድ ሲለካ

ለውጡ የመጣው ከማኅፀን ጥናት ሳይሆን ከሳንባ ካንሰር ጥናት ነው። በጥር 1981 ጃፓናዊው ታኬሺ ሂራያማ ራሳቸው የማያጨሱ 91,540 ሚስቶችን ለ14 ዓመታት የተከታተለ ጥናት አሳተመ። ባሎቻቸው አብዝተው የሚያጨሱ ሴቶች በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። በዚያው ዓመት በግሪክ ዲሚትሪዮስ ትሪኮፖሎስና ባልደረቦቹ ተመሳሳይ ውጤት አገኙ። የትምባሆ ኢንዱስትሪው የሂራያማን ስሌት በጋዜጣ ማስታወቂያ ሳይቀር ቢያጣጥልም ሐሳቡ አልተመለሰም። የባል ጭስ የሚስትን ሳንባ የሚደርስ ከሆነ ማኅፀኗን የማይደርስበት ምክንያት የለም።

በ1986 የአሜሪካው የጤና ዋና ሹም ኤቨረት ኩፕ ሙሉ በሙሉ ስለ ደባል አጫሾች የሚናገር ሪፖርት አወጣ። በዚያው ዓመት ከዴንማርክና ከአሜሪካዋ የየል ዩኒቨርሲቲ የወጡ ሁለት ጥናቶች የማያጨሱ ነፍሰ ጡሮች በሌላ ሰው ጭስ መከበባቸው ከሕፃኑ ክብደት ጋር ያለውን ዝምድና በቀጥታ መረመሩ። የሩሻልሚ እንደ እንቆቅልሽ የጠቀሰው ነገር ራሱን የቻለ ጥያቄ ሆነ።

ለዚህ የረዳው መሣሪያ ኮቲኒን ነው። ኒኮቲን በሰውነት ውስጥ ሲፈጭ ኮቲኒን የተባለ ንጥረ ነገር ይሆናል፤ እርሱም ከኒኮቲን ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ በደም፣ በምራቅ፣ በሽንትና በፀጉር ሊለካ ይችላል። በእትብት ደምና ሕፃኑ በሚያወጣው የመጀመሪያ ዓይነ ምድር ውስጥ እንኳ ይገኛል። ኮቲኒን ለታሪክ ጸሐፊም ትምህርት አለው። በአሜሪካ ከ1988 እስከ 1991 በተደረገ ብሔራዊ ጥናት ትምባሆ ከማይጠቀሙ ጎልማሶች መካከል በቤት አጫሽ አለ ወይም በሥራ ቦታ ጭስ አለ ያሉት 37 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በደማቸው ኮቲኒን የተገኘባቸው ግን 88 በመቶ ያህል ነበሩ። ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነትና ደሙ የሚሰጠው ምስክርነት ተለያዩ። በቃል ምስክርነት ላይ ብቻ የተመሠረቱ የቀድሞ ጥናቶች የደባል ጭስን ያሳነሱት በዚህም ምክንያት ነው፤ «ጭስ ያልነካቸው» ተብለው ለማነጻጸሪያ ከቀረቡት መካከል ብዙዎቹ ጭሱ ነክቷቸዋል።

ጭሱ ፅንሱን የሚነካበት መንገድም በዚሁ ዘመን ጠራ። ደባል አጫሽ የሚስበው በአብዛኛው በሁለት ስበት መካከል ከሚነደው የሲጋራ ጫፍ በቀጥታ የሚወጣውን ጭስ ነው። ኒኮቲን የእንግዴ ልጅን በቀላሉ ያልፋል። በፅንሱ አንጎል ውስጥ ኒኮቲን የሚያርፍባቸው ተቀባዮች ገና በእርግዝናው የመጀመሪያ ወራት ይበቅላሉ፤ እነዚህ ተቀባዮች የነርቭ ሴሎች መቼ መከፋፈል፣ መቼስ መያያዝ እንዳለባቸው በሚወስነው ሥርዓት ውስጥ ድርሻ አላቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ የፅንሱ ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከእናቱ ይልቅ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም የሚያርፈው ገና በመሠራት ላይ ባለ አካል ላይ ነው።

ሕፃኑ ሲጠየቅ

አራስ ሕፃን ስለ ራሱ መናገር አይችልም። ጠባዩን መለካት የተቻለው በ1973 አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ቤሪ ብራዘልተን የአራስ ጠባይ መመዘኛውን ካሳተመ በኋላ ነው። በዚህ መመዘኛ መርማሪው ሕፃኑ ለተደጋጋሚ ድምፅና ብርሃን እንዴት እንደሚለምድ፣ ፊትና ድምፅን በዓይኑ እንዴት እንደሚከተል፣ ሲያለቅስ በምን ያህል ማባበል ዝም እንደሚል፣ ጡንቻው ምን ያህል እንደሚጠብቅ ወይም እንደሚላላ ይመለከታል። እናቶቻችን ለዘመናት በዓይናቸው የመዘኑት ነገር ነው፤ ብራዘልተን ቁጥር ሰጠው።

በ2003 በአሜሪካ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዚህ መመዘኛ በተወለደ ሌላ ዘዴ እናቶቻቸው ያጨሱ 27 እና ያላጨሱ 29 አራሶችን አነጻጸሩ። የአጫሾቹ ልጆች ይበልጥ ቁጡዎች፣ ጡንቻቸው የጠበቀና ለማረጋጋት ብዙ መያዝ የሚሹ ነበሩ። ይህ ስለ አጫሽ እናቶች ነው። ስለ ደባል ጭስ በቀጥታ የጠየቀው በ2012 በስፔን የሮቪራ ኢ ቪርጂሊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ነው። ጤነኛ ሆነው የተወለዱ 282 ሕፃናትን በተወለዱ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ በብራዘልተን መመዘኛ መረመሩ። ከእናቶቹ 22 በመቶ አጫሾች፣ 6 በመቶ ደግሞ ደባል አጫሾች ነበሩ። በሁለቱም ወገን የተወለዱ ሕፃናት ጭስ ካልነካቸው ይልቅ በአንዳንድ መለኪያዎች ዝቅ ያለ ውጤት አሳዩ። በሌላው ጭስ ብቻ የተከበቡት እናቶች ልጆችም ከዚህ አልዳኑም።

ከዚያ በፊት በካናዳ ኦታዋ ከ1978 ጀምሮ በፒተር ፍሪድ የተመራው ጥናት ልጆችን እስከ ትምህርት ዕድሜ ተከታትሎ ነበር። በ1991 የወጣው ጽሑፍ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 9 ዓመት የሆኑ 91 ልጆችን በሦስት ከፍሎ፣ የደባል አጫሾች ልጆች በንግግርና በቋንቋ ችሎታ እንዲሁም እናቶቻቸው ለጠባያቸው በሰጡት ምዘና ከማያጨሱት ልጆች ዝቅ ብለው መገኘታቸውን ዘገበ። በ2004 ደግሞ በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማያጨሱ እናቶች ልጆች የሆኑ 226 ሕፃናትን ሁለት ዓመት እስኪሞላቸው ተከታተሉ። በማኅፀን ሳሉ ደባል ጭስ የደረሰባቸው በአእምሮ እድገት መመዘኛ ዝቅ አሉ፤ ቤተሰቡ ምግብ፣ ልብስና መጠለያ የሚቸግረው ሲሆን ጉዳቱ ባሰ። ጭስና ድህነት በአንድ ሕፃን ላይ ሲደራረቡ አንዱ ሌላውን ያከብደዋል።

የጥርጣሬው መመለስ

እዚህ ላይ ብቆም ታሪኩ ያማረ ይሆን ነበር፤ እውነቱ ግን ከዚህ ይወሳሰባል። የጠቀስኋቸው የጠባይ ጥናቶች ትንንሽ ናቸው። በተጨማሪም የሩሻልሚ ያነሣው ጥያቄ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ በአዲስ መልክ ተመልሶ መጣ። በ2009 በካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ አኒታ ታፓርና ባልደረቦቿ በሕክምና እርዳታ የተፀነሱ ልጆችን መረመሩ። ከእነዚህ ከፊሉ የተፀነሱት ከሌላ ሴት በተለገሰ እንቁላል ስለነበር በማኅፀን የተሸከመቻቸው እናት በዘር አትዛመዳቸውም። የእናት ማጨስ ከሕፃኑ ክብደት መቀነስ ጋር ያለው ዝምድና በዘር ተዛመዱም አልተዛመዱም ተገኘ። የትኩረት ማጣትና የመቅበጥበጥ ጠባይ ግን ጎልቶ የታየው በዘር በሚዛመዱት ላይ ነበር። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ክብደትን የሚቀንሰው ጭሱ ነው፤ ኋላ በልጅነት የሚታየው ጠባይ ግን ቢያንስ ከፊሉ በዘር የሚወረስ ሊሆን ይችላል።

በሌላ በኩል የየሩሻልሚ የመጀመሪያ እንቆቅልሽ ተፈቷል። በ2006 ሶንያ ኤርናንዴስ ዲያስና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት፣ ዝቅተኛ ክብደት ያላቸውን ሕፃናት ብቻ ለይቶ ማነጻጸር ራሱ ስሕተት ያመጣል። የአጫሽ ልጅ ክብደቱ የቀነሰው በጭሱ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ያላጫሿ ልጅ ክብደት የቀነሰው ግን በሌላ፣ ምናልባትም በከፋ ምክንያት፣ ለምሳሌ በተፈጥሮ የአካል ጉድለት ነው። ሁለቱን ስናነጻጽር ጭሱ ከለላ የሆነ ይመስላል። ጭሱ ማንንም አልከለለም፤ ማነጻጸሪያው ነው የተዛባው።

ስለዚህ ዛሬ በልበ ሙሉነት ልንል የምንችለውን ደረጃ በደረጃ ላስቀምጥ። ደባል ጭስ የሕፃኑን የውልደት ክብደት ይቀንሳል፤ በ2008 የኖቲንግሃም ተመራማሪዎች ብዙ ጥናቶችን አጠቃልለው ቅናሹ በአማካይ 33 ግራም ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን አስልተዋል። አማካዩ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ክብደታቸው ከ2,500 ግራም በታች የሚሆንባቸውን ሕፃናት ዕድል በ22 በመቶ ከፍ ያደርጋል። በአራሱ ጠባይ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ከሥነ ሕይወቱ አንጻር የሚጠበቅና በጥቂት ጥናቶች የታየ ነው። በዕድሜ ለገፋ ልጅ ጠባይ ግን ጭሱን ከዘርና ከኑሮ ለይቶ መዳኘት ከባድ ነው። አንድ ልጅ ቢቀብጥ «አባቱ ያጨስ ስለነበር ነው» ብሎ መፍረድ ሳይንሱ የማይፈቅደው ድፍረት ነው።

ይህን የምለው ማስረጃውን ለማቃለል አይደለም፤ ወቀሳ ከማስረጃ ቀድሞ ሲሮጥ ማን ላይ እንደሚያርፍ ታሪክ ስላሳየን ነው። ለምን ሕፃንሽ አለቀሰ፣ ለምን ሰነፈ፣ ለምን ከሳ ተብላ የምትጠየቀው እናት ናት። ደባል ጭስ ግን ከብዙ የእርግዝና አደጋዎች የሚለየው እናትየዋ በራሷ ፈቃድ ልታቆመው የማትችለው በመሆኑ ነው። ሲጋራው ያለው በሌላ ሰው እጅ ነው።

ከቤት ውጭ፣ ከዚያም ቤት ውስጥ

አየሩ ሲጠራ ምን እንደሚሆን ሕጎች አሳይተውናል። ስኮትላንድ በመጋቢት 2006 በተዘጉ የሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን ከለከለች። በ2012 የወጣ ጥናት ከ700,000 በላይ ውልደቶችን መርምሮ ከሕጉ በኋላ ያለጊዜያቸው የሚወለዱት እንደቀነሱ አገኘ፤ ቅናሹ አጭሰው በማያውቁ እናቶች ዘንድም ታየ። በ2014 የተለያዩ አገሮችን ጥናቶች ያጠቃለለ ሌላ ጽሑፍ እንዲህ ያሉ ሕጎች ያለጊዜ ውልደትን በ10 በመቶ ያህል ከመቀነስ ጋር እንደሚዛመዱ አስታውቋል። አንዲትም እናት ሳትወቀስ፣ የብዙ እናቶች አየር ጠራ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጉዳዩ ይበልጥ ይቀርበናል። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የጎልማሶች የትምባሆ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ትምባሆ የሚጠቀሙት ጎልማሶች ከመቶ 5 ያህል ናቸው፤ ከሴቶች ደግሞ ከመቶ 2 እንኳ አይሞሉም። ይህ ማለት ለአብዛኛዋ ኢትዮጵያዊት ነፍሰ ጡር የትምባሆ ጥያቄ ከሞላ ጎደል የደባል ጭስ ጥያቄ ነው። «ታጨሻለሽ?» ብለን ጠይቀን «አላጨስም» የሚል መልስ ስናገኝ ሥራችን ያለቀ ከመሰለን የ1960ዎቹን ስሕተት በ21ኛው መቶ ዓመት እንደግመዋለን።

ትምባሆን መከልከል ለአገራችን አዲስ አይደለም። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ትምባሆን በጽኑ ከልክለው እንደነበር በታሪክ የታወቀ ነው። ያ ክልከላ ግን በሃይማኖት ላይ የቆመና የአጫሹን ነውር የሚመለከት ነበር እንጂ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ለመጠበቅ የታሰበ አልነበረም። ጎረቤትን የሚጠብቅ ሕግ የመጣው በእኛ ዘመን ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 822/2006 አጸደቀች፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ በተዘጉ የሕዝብ መገልገያና የሥራ ቦታዎች ማጨስን ከለከለ። ይሁንና አዋጅ የመኖሪያ ቤትን ደጃፍ አያልፍም። ነፍሰ ጡር ሴት ብዙ ሰዓት የምታሳልፈው ደግሞ በዚያው፣ ብዙ ጊዜ በአንዲት ክፍል ውስጥ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለወጣት ተመራማሪዎቻችን ልጨምር። በማጀታችን ሌላ ጭስ አለ። የማገዶ ጭስ ኒኮቲን የለውም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድና ደቃቅ ብናኝ ግን አለው። በአገራችን የደባል ጭስን ተጽዕኖ የሚያጠና ሰው የምድጃውን ጭስ ከሲጋራው፣ ከጋያውና ከሺሻው ለይቶ ካልለካ የአንዱን ዕዳ በሌላው ላይ ይጽፋል። የኒው ዮርኩ ጥናት እንዳሳየው ችግርንም አብሮ መመዝገብ ይገባል። ከሌላ አገር የመጣ መጠይቅ ተተርጉሞ ብቻ አይበቃም፤ የቤታችንን አሠራር የሚያውቅ መጠይቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ አንድ ትንሽ ነገር እንድታስቡ እጠይቃለሁ። የሕክምናና የነርስ ተማሪዎች፣ የእርግዝና ክትትል መዝገብ ስትሞሉ «ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ ወይ? የት ቦታ? በቀን ስንት ጊዜ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ባልየው አብሮ ከመጣም ጥያቄው ለእርሱ በአክብሮት ይቅረብለት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡሮችን ስለ ራሳቸው ማጨስ ብቻ ሳይሆን ስለ ሌላ ሰው ጭስም መጠየቅ እንደሚገባ፣ ባሎችና የቤተሰብ አባላትም እንዲመከሩ አሳስቧል። የታሪክ ተማሪዎች ደግሞ አንድን መዝገብ ስትከፍቱ ምን እንደተጻፈ ብቻ ሳይሆን ማን እንዳልተጠየቀ ፈልጉ። በኦክላንዱ መዝገብ ውስጥ የአባት ሲጋራ ተቆጥሮ ተጽፎ ነበር። ከአባቱ ሲጋራ እስከ ሕፃኑ አልጋ ያለውን አየር ግን ማንም በቁጥር አልጻፈውም ነበር።

 ለጥያቄዎቻችሁ ዝግጁ ነኝ።